ዘር መራጩ እጅ ለማን ይሠራል?

የሐይቅና የአምባሰል ገበሬ ማሽላው በደረሰ ጊዜ አጨዳ ከመጀመሩ በፊት በማሳው ውስጥ ይዘዋወራል። ራሱ የሞላውን፥ አገዳው የጸናውን፥ ወፍና ነቀዝ ያልደፈረውን ለይቶ ይቆርጣል፤ ለከርሞም ዘር እንዲሆነው ከምድጃው በላይ በጭሱ ላይ ይሰቅለዋል። ይህ ሥራ ለተመልካች ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በትምህርት ቤት የዘር ምርጫ ተብሎ የሚሰጠው ትልቅ ጥበብ መነሻው ይኸው የገበሬው እጅ ነው። ሊቁ በቤተ ሙከራ፥ ገበሬው በማሳው የሚያደርጉት በመሠረቱ አንድ ነው፤ ሁለቱም ከብዙው መካከል ጥቂቱን ይመርጣሉ፥ የመረጡትንም ያበዛሉ።

መምረጥ ግን ያለ ዓላማ አይሆንም። ዘር የሚመርጥ ሰው ሁሉ «ከዚህ ተክል የምፈልገው ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ አስቀድሞ በልቡ መልስ ሰጥቷል። ገበሬው እህል እንዲበዛለት ይመርጣል፤ እናት ለልጇ የሚጣፍጠውን ትመርጣለች፤ ነጋዴው ገዢው ተመልሶ የሚመጣበትን ይመርጣል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ልናቀርብ የፈለግነው ሁለት የዘር ምርጫ ታሪክ ነው። አንደኛው ከወሎ ማሽላ፥ ሁለተኛው ከባሕር ማዶ ትምባሆ ይነሣል። ጥበቡ በሁለቱም አንድ ሲሆን ፍሬው ለምን እንደተለያየ አንባቢ ራሱ እንዲመዝነው እንወዳለን።

መጀመሪያ ማሽላውን እንመልከት። የሰው አካል ራሱ ሊሠራቸው የማይችል፥ ከምግብ ብቻ የሚያገኛቸው የፕሮቲን ክፍሎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ላይሲን ይባላል። ማሽላና በቆሎ ሆድ ቢሞሉም በላይሲን ድሆች ናቸው፤ ስለዚህ ከማሽላ በቀር ሌላ የማያገኝ ሕፃን በልቶም እንኳ አካሉ እንደሚገባው ላያድግ ይችላል። ሲንግና ጆን አክስቴል የተባሉ በአሜሪካ አገር የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ጉድለት የሚያርም ማሽላ አለ ወይ ብለው ከዓለም ዙሪያ ከተሰበሰበው የማሽላ ዘር መካከል ፈለጉ። በ1965 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1973) ውጤታቸውን ሲያወጡ በላይሲን የበለጸጉ ሁለት ዝርያዎችን ማግኘታቸውን ገለጹ። የሁለቱም መገኛ ወሎ ነበር። ፕሮቲናቸው ከተለመደው ማሽላ የበለጠ ሲሆን፥ በዚያ ፕሮቲን ውስጥ ያለው ላይሲን ደግሞ ከተለመደው በግማሽ ያህል ይልቅ ነበር።

ለሊቃውንቱ አዲስ ግኝት የሆነው ነገር ለወሎ ገበሬ አዲስ አልነበረም። ገበሬው ላይሲን የሚባል ስም ሰምቶ አያውቅም። ሆኖም እንዲህ ያለውን ማሽላ በማሳው ከሌላው ጋር ቀላቅሎ በጥቂቱ እየዘራ፥ እሸቱን እየጠበሰ ለልጆቹ ሲያበላ ኖሯል። ያወጣለትም ስም «ወተት በጉንጬ» የሚል ነው። ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ስም ቤተ ሙከራ ሊያወጣ ይችል እንደሆነ እንጠራጠራለን። የዚህ ማሽላ ፍሬው የተጨማደደ፥ ምርቱም ከሌላው ያነሰ ነው፤ ለገበያ ብቻ የሚያስብ ሰው ቢሆን ኖሮ ከጥንት ጀምሮ ጥሎት ነበር። ገበሬው ግን ሚዛኑን ብቻ ሳይሆን የልጁንም ጉንጭ እያየ ስለ መረጠ ዘሩ እስከ ሊቃውንቱ ዘመን ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። ያ የምርምር ውጤት በወጣበት ጊዜ ወሎ በታላቅ ረሃብ ላይ ነበረች። የዓለምን የማሽላ ሊቃውንት ያስደነቀው ዘር የበቀለበት አገር ሕዝብ በመንገድ ዳር ይወድቅ ነበር። ከዚህ የምንማረው መልካም ዘር መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ዘሩን የሚጠብቅ፥ የሚያሻሽል፥ የሚያከፋፍል፥ ችግር ሲመጣም ሳይደብቅ የሚናገር መሥሪያ ቤት ያስፈልጋል። መሥሪያ ቤት ማለት ደግሞ በውስጡ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው። ኋላ በ1968 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተቋቋመውና በዶክተር መላኩ ወረደ አመራር ስሙ የታወቀው የዕፅዋት ዘር ማከማቻ፥ በወሎና በሸዋ ከገበሬዎች ጋር እየሠራ የአገሩን ዘር ከመጥፋት ለማዳን የደከመው ይህን ትምህርት ተረድቶ ነው። ከአክስቴል ደቀ መዛሙርት አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታም ድርቅን የሚችልና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀል በ2009 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። አቀንጭራ የወሎን ማሽላ ምን ያህል እንደሚያደርቅ ለሚያውቅ ሰው የዚህ ሥራ ዋጋ ማብራሪያ አይሻም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ታሪክ እንለፍ።

የትምባሆ ተክል ኒኮቲን የሚሠራው ሰውን ለማስደሰት አይደለም። ቅጠሉን የሚበሉትን ነፍሳት ለመከላከል የሚያዘጋጀው መርዝ ነው። መርዙ በሥሩ ውስጥ ይሠራና ከውሃው ጋር ወደ ቅጠሉ ይወጣል፤ ተክሉ ሲጎዳም መጠኑን ይጨምራል። የትምባሆ ገበሬ አበባውን ከጫፉ የሚቀጨው በአንድ በኩል ቅጠሉ እንዲሰፋ ነው፤ በሌላ በኩል ግን በዚሁ ምክንያት ኒኮቲኑ ይበረታል። እርጥብ ቅጠል በእጁ የሚለቅም ሠራተኛ መርዙ በቆዳው ገብቶ ራሱን እንደሚያዞረውና እንደሚያስመልሰው በትምባሆ አገር ሁሉ የታወቀ ነው። ስሙ የተወሰደው በ16ኛው መቶ ዓመት በፖርቱጋል የፈረንሳይ አምባሳደር ከነበረው ከዣን ኒኮ ነው፤ ለብቻው ተነጥሎ የታወቀው ደግሞ በ1828 በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ነው።

ኒኮቲን በራሱ ካንሰር ከሚያመጡት የጭሱ ነገሮች ዋነኛው አይደለም። ሳንባን የሚያጠቁረውና ካንሰር የሚያመጣው በዋነኛነት ዝፍቱና በጭሱ ያሉት ሌሎች መርዞች ናቸው። የኒኮቲን ሥራ ሌላ ነው፤ ሰውዬውን ነገም፥ ከነገ ወዲያም ወደዚያው ጭስ ይመልሰዋል። ስለዚህ ኒኮቲን የትምባሆ ልጓም ነው ብንል አንሳሳትም። ልጓሙን የያዘ ጋላቢ ፈረሱ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ለሲጋራ በብዛት ከሚዘራው የትምባሆ ዓይነት ሌላ ኒኮቲኑ እጅግ የበረታ የዘመድ ዓይነት አለ። ጭሱ ግን ለጉሮሮ ከባድ ስለሆነ ለሲጋራ ፋብሪካ አይመችም። ሁለቱን አዳቅሎ የአንዱን ጣዕምና ቅጠል ከሌላው ኃይል ጋር ማዋሐድ ለዘር ሊቃውንት የሚቻል ነገር ነው። ያዳቀሉትን መልሰው መላልሰው ከለስላሳው ጋር ያዳቅላሉ፤ በየትውልዱ ቅጠሉ እንደ ለስላሳው፥ ኒኮቲኑ ግን እንደ ብርቱው የሆነውን ብቻ ይለያሉ። መንገዱ ወተት በጉንጬን ከማሻሻል መንገድ የተለየ አይደለም።

ብራውን ኤንድ ዊሊያምሰን የተባለው የአሜሪካ የሲጋራ ኩባንያ ያደረገው ይህንኑ ነው። ዋይ ዋን የሚል የምሥጢር መጠሪያ የተሰጠው ዝርያ በቅጠሉ ውስጥ ከመቶ 6 ገደማ በላይ ኒኮቲን ነበረው፤ ይህም ከተለመደው የሲጋራ ትምባሆ ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ኩባንያው ዲኤንኤ ፕላንት ቴክኖሎጂ ከተባለ የዘር ምርምር ድርጅት ጋር ሠራ፤ ትምባሆውም በብራዚል ተዘርቶ ቅጠሉ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ የነበረው የአሜሪካ ሕግ የትምባሆ ዘር ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክል ነበር። ሕጉ በ1991 ቢሻርም፥ ዘሩ ሕጉ ሳይሻር ወጥቶ ስለነበረ የምርምር ድርጅቱ በ1998 በፍርድ ቤት ጥፋተኝነቱን አምኗል።

ነገሩ ወደ ብርሃን የወጣው እንዴት ነው? በ1994 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ዴቪድ ኬስለርና የሥራ ባልደረቦቻቸው የሲጋራ ኩባንያዎች ኒኮቲንን ሆን ብለው ይቈጣጠሩ እንደሆነ ይመረምሩ ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የሰባት ታላላቅ የትምባሆ ኩባንያ መሪዎች በሸንጎው ፊት እጃቸውን አንሥተው ከማሉ በኋላ፥ ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል ብለው እንደማያምኑ እየተራ ተናገሩ። ብራውን ኤንድ ዊሊያምሰንም ኒኮቲኑ የበረታ ትምባሆ አዳቅሎ እንደሆነ በመርማሪዎች ሲጠየቅ አላደረግሁም ብሎ ነበር። መርማሪዎቹ ግን በፖርቱጋል ቋንቋ የተጻፈ አንድ የብራዚል የፈጠራ መብት ማመልከቻ አገኙ፤ በዚያም ላይ ኒኮቲኑ ከማንኛውም ለንግድ ከሚዘራ ትምባሆ የላቀ ዝርያ ተገልጾ፥ የባለመብቱም ስም ተጽፎ ነበር። የጉምሩክ ወረቀቶችም ቅጠሉ ወደ አገር መግባቱን መሰከሩ። ኬስለር በሰኔ 1994 ይህን ሁሉ በሸንጎው ፊት ዘርዝረው ተናገሩ። ትምባሆው ከተቀላቀለባቸው አምስት የሲጋራ ዓይነቶች ሦስቱ በመጠቅለያቸው ላይ «ቀላል» የሚል ቃል የተጻፈባቸው ነበሩ።

ወጣት አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ ቆም ብለው እንዲያስቡ እንለምናለን። ይህን ትልቅ ምሥጢር የገለጠው ጦር ወይም ሰላይ አይደለም። በመሥሪያ ቤት ተቀምጠው በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ለማንበብ፥ የጉምሩክ መዝገብ ገጽ በገጽ ለማገላበጥ ያልሰለቹ ጥቂት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። መዝገብ ማገላበጥ ክብር የሌለው ሥራ የሚመስለው ወጣት ባለሥልጣን ይህን ታሪክ ያስታውስ።

በዚህ ጉዳይ የሚነሣውን መከራከሪያም ሳንሰማ መፍረድ አይገባም። ኩባንያው ኒኮቲኑ የበረታ ቅጠል የሚያስፈልገው ዝፍቱን ለመቀነስ ነው ብሎ ነበር። ሰው የሚያጨሰው ለኒኮቲኑ ከሆነ፥ ኒኮቲኑን ሳይቀንሱ ዝፍቱን መቀነስ ጉዳቱን ያሳንሳል ማለት ነው። ሐሳቡ በራሱ የሞኝ ሐሳብ አይደለም፤ ከኩባንያ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ሐኪሞችም በ1970ዎቹ ተወያይተውበታል። ነገር ግን ዓላማው የአጫሹን ጤና መጠበቅ ቢሆን ኖሮ ለአጫሹ በግልጽ በተነገረው፥ ሐኪሞችም በመረመሩት ነበር። በምሥጢር የተዳቀለ፥ በምሥጢር የተሻገረ፥ ሲጠየቁም የተካደ ነገር ለአጫሹ ጥቅም ተደረገ ቢባል ማን ያምናል? ከዚህም በላይ፥ «ቀላል» ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ያጣውን ኒኮቲን ለማግኘት ጭሱን ጠልቆ እንደሚስብና ቁጥሩንም እንደሚጨምር ኋላ በምርምር ተረጋግጧል።

የዘር ጥበብ ወደ ሌላው አቅጣጫም ሊሠራ መቻሉ የነገሩን ፍሬ ያሳያል። በተክሉ ውስጥ የኒኮቲንን መጠን የሚወስኑ የዘር ክፍሎች ከታወቁ ብዙ ዘመን ሆኗል። በእነርሱም አማካይነት ኒኮቲኑ እጅግ ያነሰ ትምባሆ ተዳቅሏል፤ የአሜሪካው መሥሪያ ቤት በ2021 መጨረሻ እንዲህ ያለ ሲጋራ ኒኮቲኑ መቀነሱን ገልጾ እንዲሸጥ ፈቅዷል። በጥር 2025 ደግሞ በሲጋራ ትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን በአንድ ግራም ከ0.7 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የሚያስገድድ ደንብ በሐሳብ ደረጃ አቅርቧል። ልጓሙን ያጠበቀው ጥበብ ልጓሙን ሊያላላውም ይችላል። እንግዲህ ጥፋቱ የሳይንስ ነው የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ቢላዋ ዳቦ ይቈርሳል፥ ቢላዋ ሰው ይወጋል፤ ተጠያቂው የያዘው እጅ ነው።

«ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው፤ ለሐይቅ ተማሪ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ትምባሆ ግን ለአገራችን ሩቅ ሆኖ አያውቅም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው የሚያልፍባት ሸዋ ሮቢት የታወቀች የትምባሆ እርሻ አገር ነበረች። ለብዙ ዘመን በመንግሥት እጅ የቆየው የትምባሆ ድርጅት ድርሻው ለውጭ ሲሸጥ፥ የጃፓኑ ትምባሆ ኩባንያ በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 40 የሚሆነውን በ510 ሚሊዮን ዶላር፥ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 30.95 የሚሆነውን በ434 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። ኩባንያው ይህን ያህል ገንዘብ ሲከፍል ሕግን ተከትሎ ነው፤ በዚህ ልንወቅሰው አንችልም። ይሁን እንጂ በ2016 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በተደረገው ጥናት ከአዋቂው ሕዝብ ትምባሆ የሚጠቀመው ከመቶ 5 ያህል ብቻ በሆነበት አገር፥ እንዲህ ያለ ዋጋ የሚከፈለው ዛሬ ለሚያጨሰው ብቻ ነው ወይስ ነገ ይጀምራል ተብሎ ለሚጠበቀውም ጭምር? ወጣቱ ይህን ጥያቄ ለራሱ ቢያቀርብ መልካም ነው። የሚጠበቀው ሰው እርሱ ነውና።

አባቶቻችን ስለ ትምባሆ የነበራቸው አቋም የታወቀ ነው። ከሐይቅ ብዙም በማይርቀው በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ የሰበሰቡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን አጥብቀው ከልክለው ነበር፤ በዘመኑ የነበሩ መንገደኞች እንደ ጻፉትም የሚያጨስ ከንፈሩ፥ የሚያሸት አፍንጫው እስኪቈረጥ ድረስ ቅጣቱ የጸና ነበር። እንዲህ ያለውን ጭካኔ ማንም እንዲመለስ አይመኝም፤ እኛም አንመኝም። ደግሞም ቅጣቱ ትምባሆን ከአገር አላጠፋም። ከዚህ የምንረዳው አካልን የሚቈርጥ ሕግ ልማድን ሊቈርጥ አለመቻሉን ነው።

የዛሬው ሕግ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ በሕዝብ መሰብሰቢያና በሥራ ቦታ ሕንፃ ውስጥ ማጨስን፥ ማስታወቂያን፥ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥን፥ በቅመም የጣፈጠ ትምባሆን፥ ሺሻንና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ይከለክላል፤ በመጠቅለያውም ላይ ከመቶ 70 የሚሆነውን ስፋት የጤና ማስጠንቀቂያ እንዲይዘው ያዛል። ይህ ሕግ አጫሹን ሰው አያዋርድም፥ አጥፊም አያደርገውም። ሱሱን የሚሸጠውን እጅ ነው የሚይዘው።

ሕጉ የሚኖረው ግን በጋዜጣ ዐምድ ላይ ሳይሆን በሱቁ ደጃፍ ነው። በአውቶቡስ መናኸሪያ አንድ ሲጋራ ነጥሎ ለተማሪ የሚሸጥ ልጅ፥ በሻይ ቤት ጥግ የሚጤስ ሺሻ፥ በመሥሪያ ቤት ኮሪደር «አለቃው ነውና አይነገርም» ተብሎ የሚታለፍ ጭስ ሕጉን ቀስ በቀስ ያደክሙታል። የወረዳ ጤና ሠራተኛ፥ የንግድ ፈቃድ ተቈጣጣሪ፥ የጉምሩክ ፈታሽ፥ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፥ እያንዳንዳቸው የሕጉን አንድ አንድ ክር ይዘዋል። ክሩን የለቀቀ ሰው ጨርቁ ተተረተረ ብሎ ማማረር አይገባውም።

ለግብርና ተማሪዎች የምንለው ደግሞ አለ። በደቡብ ወሎ ማሳዎች ጫትም ይበቅላል፤ ገበያው ገበሬውን ወዴት እንደሚስበው ሁላችንም እናያለን። ገበሬው ልጁን ማስተማሪያ፥ ግብሩን መክፈያ ሲያጣ ዋጋ ያለውን ቢተክል እርሱን ለመውቀስ አንቸኩልም። ወቀሳው የሚገባው፥ ከማሽላውና ከጤፉ የተሻለ ገቢ እንዲያገኝ ማገዝ ሲቻል ትምህርቱን ለዚያ ላላዋለ ምሁር ነው። የዘር ጥበብን የተማረ ሰው ነገ ከአንድ ኩባንያ ጥሩ ደመወዝ ቀርቦለት «የዚህን ተክል ኃይል ጨምርልን» ሊባል ይችላል። ያን ጊዜ የሚጨመረው ምን እንደሆነ፥ የሚደርሰው ለማን እንደሆነ፥ ለሚጠቀመውም ሰው በግልጽ ይነገር እንደሆነ ይጠይቅ። በግልጽ ሊነገር የማይችል ዘር ባይዘራ ይሻላል።

በሐይቅ ውሃ ዳር ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ መምህርነት የአገር የትምህርት ማዕከል ሆኖ፥ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርት ወጥተውበታል። በዚያ ዘመን አንድ መጽሐፍ በእጅ ተጽፎ የሚበዛው እንደ ዘር ነበረ፤ ጸሐፊው አንድ ቃል ቢያጣምም ስሕተቱ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ይተላለፋል። ስለዚህ ጸሐፊው ያላየው ሰው እንደሚያነበው እያሰበ ይጠነቀቅ ነበር። ዘር የሚመርጥ ሊቅና ደብዳቤ የሚፈርም ወጣት ባለሥልጣንም እንዲሁ ናቸው፤ የሥራቸውን ፍሬ የሚበላው አይተውት የማያውቁት ሰው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይገድላል። የወሎ ገበሬ በበኩሉ ከምድጃው በላይ የሰቀላትን ዘለላ ወደ ልጁ ጉንጭ እያየ መርጧታል። የተማረው ወጣት ከገበሬው የበለጠ ያውቃል፤ በመምረጥ ግን ከገበሬው እንዳያንስ አደራ እንላለን።